በራንክ የተሰለፉ ድንጋዮች

መምህር መኳንንት ኮልፌ ውስጥ በማታ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። የሰፈሩ ሰው «ዲክሽነሪ» ይለው ነበር፤ ብዙ ስለሚያውቅ ብቻ ሳይሆን ማንም ሳይከፍተው ስለሚገለጥ ነው። ሚስቱ ወለተጻድቅ «ጨው አምጣልኝ» ብትለው፣ ማምጣትና ማቀበል እንደሚለያዩ ሳያስረዳ ከወንበሩ አይነሳም። ትዳራቸው የቆየው እሷ ጨዉን ራሷ ማምጣት ስለለመደች ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ወር ጠፍቶ የከረመው ስኳር ቀበሌው ሱቅ መጣ። በማግስቱ የማርያም ማኅበር ተራው የወለተጻድቅ ነበር። ሻይ ያለ ስኳር አቅርባ የማኅበርተኛውን ምላስ ከምትችል መሬት ብትውጣት ትመርጣለች። ስለዚህ ማልዳ ሄዳ ጡጫ የምታክል ድንጋይ አስቀመጠች፤ ሦስተኛ ሆነች። በዚያ በደርግ ዘመን ሰው ቆሞ አይሰለፍም፤ ድንጋዩ፣ የዘይት ቆርቆሮው፣ የተሰነጠቀ ሳፋው ይሰለፍለታል።

ሱቁ የሚከፈተው ከቀበሌው ስብሰባ በኋላ ነበር። ሰዉ ወደ ስብሰባው ሲሄድ ሰልፉን እንዲጠብቅ መኳንንትን መረጡት። «እሱ ቃል እንኳ ከቦታው ሲነቃነቅ ያመዋል» ተባለ።

ሁሉም እንደሄደ ተናኘ መጣች። ቀን ልብስ ሰፊ፣ ማታ የመኳንንት ተማሪ ናት። ከስብሰባው «ራሴን አሞኛል» ብላ ሾልካ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚያክል ቋጥኝ ታቅፋ መጥታ ከሰልፉ ጭራ ጣለችው።

«ራስሽን ያመመሽ ይህን ተሸክመሽ ነው?» አላት።

«እሱን ይተዉት ጋሼ። ሰኞ ፈተና አለብኝ። ሶርትና አሬንጅ አንድ አይደሉም ያሉን ነገር አልገባኝም። ለኔ ሁሉም ማስተካከል ነው።»

መኳንንት እንደተነካ ንብ ተነሳ።

«ሶርት በየዓይነቱ መለየት ነው» አለ። አፉ አልበቃ ብሎት እጁ ወደ ሰልፉ ሄደ፤ ድንጋዩን ከድንጋይ፣ ቆርቆሮውን ከቆርቆሮ፣ ሳፋውን ከሳፋ አገናኘ።

«የመደብ ልዩነት ነዋ» አለች ተናኘ።

«አሬንጅ ግን ዓይነት አይጠይቅም። ለዓይን እንዲያምር፣ ለእጅ እንዲመች አድርጎ ማስቀመጥ ነው።» ሁሉንም በግማሽ ክብ ደረደረና ራቅ ብሎ አየው። ደስ አለው።

«ያ ራንክ የሚሉትስ?»

«እሱ በደረጃ ነው። ከፍ ያለው ከፊት፣ ዝቅ ያለው ከኋላ።»

«በመጠን ቢያሳዩኝስ? ከትልቁ ቢጀምሩ ይገባኛል።»

ላቡ ጠብ እስኪል ከትልቁ ጀመረ። የተናኘን ድንጋይ እያንከባለለ ሱቁ በር ሥር አደረሰው። የሚስቱ ድንጋይ ከሁሉ ስለምታንስ ጭራ ላይ አረፈች።

«አሁንስ ገባሽ?»

«አሁንማ እንዴት አይገባኝ» አለችና ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች።

መኳንንት ሰልፉን ልብ ያለው ያን ጊዜ ነው። የማን ዕቃ ከማን ቀጥሎ እንደነበር ሊያስታውስ ሲሞክር፣ ወደ አእምሮው የሚመጣው የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ሆነ።

«ተናኘ፣ አንደኛው የማን ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ኋላ የመጣሁ ሰው ነኝ።»

ስብሰባው ተበተነ። የመጣው ሁሉ ፊት ነበርኩ አለ፤ ሁለተኛ ነበርኩ ያለው ብቻ ሌላ ሰልፍ ይወጣው ነበር። ባለሱቁ አየለ በሩን ከፍቶ ጭቅጭቁን አዳመጠና፣ «እኔ የማውቀው የማየውን ሰልፍ ነው። አብዮት ወደ ኋላ አይመለስም» ብሎ ለተናኘ መመዘን ጀመረ። ስኳሩ የሰልፉ ግማሽ ላይ አለቀ።

ወለተጻድቅ ባዶ ከረጢቷን እያጠፈች፣ «ምን ስትሠራ ነበር?» አለችው። ሦስቱን ቃላት ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና ዘጋው።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ሻዩን በጨው ጠጣ፤ ወለተጻድቅን ሲያማም ምላሱ ጨው አልጎደለውም። ሰኞ ተናኘ ፈተናዋን ደፈነች።

ስኳር እንደገና ሲመጣ ወለተጻድቅ ድንጋይ አልፈለገችም። ባሏን ይዛው ሄዳ በአንድ ሳፋና በአንድ ቆርቆሮ መካከል አቆመችው።

«ዛሬ ድንጋዬ አንተ ነህ። ድንጋይ ደግሞ አያስረዳም» ብላው ወደ ስብሰባው ሄደች።

ከፊቱ ያለው ቆርቆሮ ትንሽ ከሰልፉ ወጣ ብሏል። መኳንንትን እጁን በላው፤ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።