ቀስ ያለች ጥፊ

በመጻሕፍት ወዳጆች የቴሌግራም ቡድናችን ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ልብ ወለድ አብሬያት ሳወጋ የኖርኩ፣ መልኳን ግን አይቼ የማላውቃት፣ ነቀምቴ አጠገብ ካለችው ከጉቴ የሆነች አንዲት ሴት አለች። ትናንት ስላነበበችው መጽሐፍ ኦሮምኛ በቃኘው አማርኛዋ ጻፈች። አንዱ «እትዬ፣ መጀመሪያ ፊደል ይቁጠሩ» አላት፤ ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ። ወዲያው ለብቻዬ «አለሽ?» ብላ ላከችልኝ።

«አለሁ» አልኳት።

የተደረደሩት ፊቶች ግን ነቀምቴ፣ በደርግ ዘመን የአብዮቱ ሦስት ጢማሞች ከግድግዳ ሥዕላቸው ወደሚያፈጡብን፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመምህሩ ድምፅ ወደሚጠፋበት ክፍላችን ይዘውኝ ሄዱ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና በአሥራ አራት ዓመቴ ሦስተኛ ክፍል ገባሁ፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም። ልጆቹ እንደ ባለትዳር ሴት «አዴ» ይሉኛል። «አዴ፣ ልጆቹን ለማን ጥለሽ መጣሽ?» ሲሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እስቅ ነበር።

የማባዣ ሰንጠረዥ በቃል ስንጠየቅ ያልመለሰ ይሰለፋል፤ የመለሰ በሰልፉ እየዞረ በጥፊ ይመታል። የጉራጌው ባለሱቅ ልጅ ነፊሳ፣ ከደረቴ የማትደርስ ስንጥር፣ ሁልጊዜ ትመልሳለች። አንድ ቀን ሌሎቹን መትታ እኔ ዘንድ ስትደርስ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

«አዴን አልመታም፤ ታላቄ ናት።»

ያ ቃል ክብር ሆኖ ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

መምህሩ ነፊሳን «እንግዲያው እነሱ አንቺን ይምቱሽ» አሏት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ተራዬ ሲደርስ ክፍሉ «አዴ፣ በርቺ!» እያለ ይንጫጫል፤ ነፊሳ የቀላ ጉንጯን ወደ እኔ ቀና አደረገች። መታኋት። ቀስ ብዬ ነው የመታኋት።

በእረፍት ሰዓት «የአንቺ እጅ ቀዝቃዛ ነው፤ ደስ ይላል» ብላ ከኪሷ ብስኩት አውጥታ አካፈለችኝ። ክረምት ሲገባ አባቷ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ይዟት ሄደ። እኔ ያችን ቀስታ እንደ ውለታ ቆጥሬ ስንት ዘመን ኖርኩ።

ትናንት ለጉቴዋ ወዳጄ መሟገቻ መጻፍ ጀመርኩ። ቃሉ የከረረ መሰለኝ፤ አጠፋሁት። ማንም እንዳይቀየም አለዘብኩት፣ ነጠላ ሰረዙን አስተካከልኩ፣ እንደገና አነበብኩት። ወደ ቡድኑ ልልከው ስል «ከቡድኑ ወጥታለች» የምትል ቀጭን መስመር ብቅ አለች።

ነፊሳ ገና ሕፃን ነበረች፤ ቃል አልመረጠችም።

ጽሑፌ ሳይላክ ስልኬ ውስጥ አለ። አንድም እንከን የለበትም።