ከመስታወት የተጣላው ወፍ

ታላቅ ወንድሜ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ታናሹ ልብስ ሰፊ ነበር። አባታችን የተወውን ሱቅ በችፑድ ከፍለው ጎን ለጎን ይሠሩበት ነበር። መስኮቱ በጸጉር ቤቱ በኩል ቀረ። ልብስ ሰፊው፣ "የመርፌ ቀዳዳ የምፈልገው እኔ፣ ብርሃን የሚወስደው እሱ" አለ። ታላቁም፣ "እኔስ የሰው ጆሮ ልቁረጥ?" አለ። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በደንበኛ አፍ ብቻ ሆነ።

በዚያ መስኮት አንድ ወፍ መግባት ለመደ። የአበባ ማር የሚመጥ፣ ደረቱ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ ምንቃሩ ቀጭንና ቆልማማ የሆነ ትንሽ ወፍ ነው። መስታወቱ ውስጥ ራሱን ባየ ቁጥር ባላጋራ የመጣበት እየመሰለው እስኪደክመው ይወጋዋል።

ታላቅ ወንድሜ ስብከት አገኘ።

"አየህ፣" ይላል መቀሱን ገታ አድርጎ፣ "ከራሱ ጋር እየተጣላ ሌላ የነካው ይመስለዋል። ፈጣሪ የላከልን ትምህርት ነው።"

"እውነትህን ነው፣ አማቴ ቁርጥ ይሄን ነው" ይላል ደንበኛው።

እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ወፉን የሚመስል ሰው አላጣም። የተመሰለው ሰው ግን ሁልጊዜ ቤት የቀረው ነበር።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከልብስ ሰፊው መልእክት ይዞ ገባ። "ሰኞ ሆስፒታል ሆዱን ሊቀድዱት ነው። ንገርልኝ ብሎኛል።"

የወንድሜ እጅ ቆመ። "ታናሹ እሱ ነው። እሱ ይምጣ።"

"በራችሁ እኮ ይነካካል፣ ጋሼ።"

"ይነካካ።"

ቅዳሜ ወፉ ከመስታወቱ ጋር ክፉኛ ተላትሞ ማበጠሪያዎቹ መሃል ወደቀ። ወንድሜ መስታወቱን በፎጣ ሸፈነው። ወፉ ጠላቱን ሲያጣ ትንፋሹን ሰበሰበና በመስኮቱ ወጣ።

ያን ጊዜ እኔ ሆስፒታል የሚወስደውን ልብስ ላዘጋጅለት ልብስ ሰፊው ጋ ነበርኩ። ታላቁ ድንገት በሩ ላይ ቆመ።

"ልታረቅ የመጣሁ እንዳይመስልህ። ትምህርት ልነግርህ ነው።"

ወፉንም፣ ፎጣውንም ከነማብራሪያው ተረከ። ታናሹ ከከንፈሩ መሃል ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ እጅጌው ላይ ሰካ።

"ወንድም ጋሼ፣ ወፉ እኔ ነኝ ማለት ነው?"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?"

"እሺ፣ ገብቶኛል። በል ጋዋንህን አውልቅ፤ ዘርፉ ተተርትሯል። በችፑዱ ስንጥቅ ሳየው ነው የከረምኩት።"

ታላቁ አውልቆ ሰጠው፤ ቁጭ አለ። እስኪመሽ ስለ ደንበኞች ሐሜት ሲያወሩ፣ እኔ ቤት ውስጥ መኖሬን ረሱ።

ታናሹ ከሆስፒታል አልተመለሰም።

ታላቁ ዛሬም ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ይተርካል። "ወንድሜ በመጨረሻ ገባው" ብሎ ይጨርሳል። አልፎ አልፎ ግን አንድ ደንበኛ፣ "ቀድሞ ተነስቶ ወደ ሌላው በር የሄደው ማን ነበር?" ብሎ ይጠይቀዋል። ያን ጊዜ የታጠበውን ምላጭ ደግሞ ያጥበዋል።