ባለ ዐሥራ ዘጠኝ ጉድጓዱ ድንጋይ

በሰው ፊት በደስታ የዘለልሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ አልነበረም። ጢሜ ነጥቶ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ሲያማርር፣ አስፋልቱ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ገና በሚሠራበት ዘመን ነው። የዘለልሁትም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ መቋሚያዬን እንደ ያዝሁ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ዛሬም ሳስበው ሳቄ ይመጣል።

ደብራችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የስሜን ገደሎች ፊት ለፊት ከሚታዩበት ኮረብታ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ እየተሰበሰቡ የዕቃ ቤቱን መሠረት ይቈፍሩ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ዶማው ጠፍጣፋ ጥቍር ድንጋይ ነካ። አውጥተው አፈሩን ሲያራግፉት በላዩ ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች ተፈልፍለውበታል፤ በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ስድስት። በአንደኛው ጫፍ ደግሞ ለብቻው ተለቅ ያለ ጉድጓድ አለ። ሌላው ጫፍ ከጥንት ተሰብሮ ጠፍቷል።

ቈጠርሁት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ። ደግሜ ቈጠርሁት፤ አሁንም ዐሥራ ዘጠኝ። ያን ጊዜ ነው የዘለልሁት።

ባሕረ ሐሳብን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልናገር። አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ የሚውሉበት ቀን የሚወጣበት የቍጥር ትምህርት ነው። ፀሐይና ጨረቃ በየዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከተነሡበት ስለሚገናኙ፣ የትምህርቱ አንዱ ምሰሶ ዐሥራ ዘጠኝ ነው፤ ንኡስ ቀመር እንለዋለን። እኔ ደግሞ ይህንኑ ትምህርት ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ጉድጓድ ከመሬት ሲወጣ ሌላ ምን ሊታየኝ ይችላል?

«አገኘናቸው!» ብዬ ጮኽሁ። «አበው ከብራና በፊት በድንጋይ ቈጥረዋል!»

«ቀስ ይበሉ የኔታ፤ መሠረቱ ውስጥ እንዳይገቡብን» አሉ የደብሩ አለቃ። እኒህ አለቃ አብሮ አደግ ወዳጄ ናቸው፤ ተስማምተን አንድ ወር የቈየንበትን ጊዜ ግን አላስታውስም። ጐንበስ ብለው ድንጋዩን አዩና «የቅመም መውቀጫ ነው» ብለው ፈረዱ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓይነት ቅመም ከየት ይመጣል አለቃ?»

«ባለጸጎች ነበሩ ይሆናላ!»

ቈፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ደሜ ፈልቶ በሕዝቡ ፊት ቃል ገባሁ፦ በመጪው የንግሥ በዓል ድንጋዩ የባሕረ ሐሳብ መቍጠሪያ መሆኑን በጉባኤ አስረዳለሁ፤ ስሕተት ቢሆን ግን ከተማሪዎቼ ጋር መሬት ተቀምጬ ፊደል እቈጥራለሁ።

«እኔም የፊደል መጠቈሚያ ስንደዶ ይዤ አስቈጥርዎታለሁ» አሉ አለቃ ፈጥነው።

ነገሩ ቧልት ቢመስልም ውስጤ የሚያውቀው ጭንቅ ነበረው። ያገሬ ገበሬ ነነዌ መቼ እንደምትገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚጠይቀው እኔን ነው። ሠርጉን የሚቈርጠው፣ በጉን ለበዓል የሚያቈየው በእኔ ቃል ነው። በቍጥር ተሳሳተ የተባለ የቍጥር መምህርን ማን መልሶ ይጠይቀዋል?

ይሁንና ደስታዬ ከጭንቀቴ በለጠ። በየቀኑ ገብስ በኪሴ ይዤ ወደ ድንጋዩ እገሰግሳለሁ። ፍሬዎቹን በጉድጓዶቹ እየጨመርሁ አጽዋማቱ የሚወጡባቸውን የዓመቱን ቍጥሮች፣ ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን ለማግኘት እታገላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ይሰምርልኛል፤ ያልሰመረልኝ እንደ ሆነ «ድንጋዩን ዝናብ በልቶታል» ብዬ አልፋለሁ።

ባለቤቴ ከአቍማዳው ገብስ ስዘግን አይታ «አንቱ፣ ጾሙን በገብስ ነው የሚያወጡት?» አለችኝ። «ይህ አቍማዳ ካለቀ ፋሲካው ሊቀር ነዋ!»

አለቃ ለወረዳው በስልክ አሳውቀው ኖሮ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ወጣት የቅርስ ጥናት ባለሙያ መጣች። ባጃጁ መሄድ እስከሚችልበት መጥታ የቀረውን በእግሯ ወጥታዋለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቅጽሩን ተሳልማ፣ ከቦርሳዋ ብሩሽና ሜትር አወጣች። ከመሠረቱ ጉድጓድ የሸክላ ስብርባሪ እየለቀመች በየከረጢቱ ስታኖር ቈይታ ወደ ድንጋዩ ተመለሰች። እኔ የንኡስ ቀመርን ምስጢር አንድ በአንድ አብራራሁላት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«የኔታ፣ የተሰበረው ወገንስ የት ይገኛል?» አለች።

«ያ ወገን አያስፈልግም ልጄ፤ ቍጥሩ ሞልቷል።»

«ድንጋይ ግን ቍጥር ሞላ ብሎ አይሰበርም አባቴ።»

በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ለቈፋሪዎቹ ቆሎ ይዛ መጥታ አጠገባችን ቆማ ነበር። የተሰበረውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችው። የቆሎውን ሰፌድ ለአለቃ አስታቅፋ ወደ ቤት ወረደች። ስትመለስ በነጠላዋ አንድ ነገር በጀርባዋ አዝላለች፤ ቀሚሷ በውሃ ርሷል። ፊታችን አወረደችው።

«ይኸው፤ የዶሮዎቼ ገንዳ።»

ባለሙያዋ ከድንጋዩ ጋር ገጠመችው። ጠርዝ ለጠርዝ ልክክ አለ! በላዩም አንድ ተለቅ ያለ ጉድጓድ አለበት፤ ሃያኛው። ዶሮዎቻችን ዕድሜ ልካቸውን ውሃ የጠጡበት።

ይባስ ብሎ ያንን ስባሪ ከቅጽሩ ሥር ካለው የድንጋይ ክምር ወስዶ ወደ ቤት ያመጣው ሌላ ሰው አልነበረም። ጎጆ በወጣን ዓመት እኔው ራሴ በጫንቃዬ ተሸክሜ ያወረድሁት ነው። ጧት ማታ እያለፍሁት ኖሬአለሁ።

«የኔታ፣ ይህ ገበጣ ነው» አለች ባለሙያዋ በትሕትና። «ስድስት ስድስቱ መጫወቻ፣ የዳር ዳሮቹ የተበላው ጠጠር ማኖሪያ።»

«ገበጣ መሆኑንማ እኔ የመጀመሪያ ቀን አውቄዋለሁ» አለች ባለቤቴ። «ሲዘሉ አይቼ ግን አንደበቴ ተያዘ።»

አለቃ ቆሎውን እስኪበትኑ ሳቁ። እኔ ግን ልቆጣ ወይስ ላልቅስ ብዬ ሳመነታ ከሆዴ ሌላ ነገር ገንፍሎ መጣ፤ ሳቅ። ድንጋዩን ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

«ስንት ዘመኑ ይሆን?» አልኋት ትንፋሼ ሲመለስ።

«ሸክላው በአክሱም በኩል ከሚገኘው ጋር ይመሳሰላል። በሚገባ ካልተቈፈረ ግን ዘመኑን መናገር አልደፍርም።»

እነማን ነበሩ? ምን ቋንቋ ይናገሩ ነበር? ኮረብታው አይመልስም። አንድ ነገር ግን አወቅሁ፤ ይህን ሁሉ ጉድጓድ በብረት ይሁን በድንጋይ እየፈለፈለ የዋለ ሰው፣ አጠገቡ ተቀምጦ «ቶሎ በል እንጂ!» የሚለው እንደ አለቃ ያለ ወዳጅ ሳይኖረው አልቀረም። ይህን ሳስብ ሁለተኛ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

የንግሡ ዕለት ማሕሌቱና ቅዳሴው ተፈጽሞ፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ሕዝቡ በቅጽሩ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ ተነሣሁ። የድንጋዩን ነገር ከዝላዬ እስከ ዶሮዎቹ ገንዳ ሳልቀንስ ተረክሁ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ወንዶቹ ለመሸፈንም አልሞከሩ። ከዚያም ከተማሪዎቼ መካከል እግሬን አጥፌ መሬት ተቀመጥሁ። አለቃ ስንደዷቸውን ይዘው በላዬ ቆሙ፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ያበራል።

«ሀ!»

«ሀ።»

«ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ፣ አንቱ ተማሪ!»

«ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ…»

ከኋላ አንድ ገበሬ ተነሥቶ «የኔታ!» ብሎ ጮኸ። የፈራሁት ሰዓት ደረሰ። «ዘንድሮ ነነዌ መቼ ትገባለች? ደግሞ በዐሥራ ዘጠኝ ቈጥረው ነው የሚነግሩን በሃያ?»

ሳቁ ኮረብታውን አናወጠው። እኔ ግን ከመሬት ሳልነሣ፣ ገብስም ሳልፈልግ፣ ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን በቃሌ አውጥቼ የምትገባበትን ቀን ነገርሁት። ሰውየው አላመነኝም፤ ወደ አለቃ ዞረ።

«ልክ ነው አለቃ?»

አለቃ ስንደዶውን ዝቅ አደረጉ። ሊያሾፉብኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አይቼአለሁ፤ ከአፋቸው የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እኔ ምን ዐውቄ! ይህን ሁሉ ዘመን በዐውደ ምሕረት የማውጅላችሁ ከእርሳቸው እየጠየቅሁ አይደለም?»

እልልታው ቀለጠ። ገበሬው ቀኑን ለባለቤቱ በጆሮዋ ነግሮ ተቀመጠ። እኔም አጋጣሚው አምልጦኝ እንዳይቀር ቀሚሴን ሰብስቤ ልነሣ ስል የስንደዶው ጫፍ ትከሻዬን ነካኝ።

«ወዴት ነው? ከ‹ለ› ይቀጥሉ!»