ጋሽ ወንድይፍራው የተረጎሙልን ጠፈር

ልጅ ሳለሁ ስለ ጠፈር ማወቅ የሚገባኝን ሁሉ የተማርኩት ጎፋ ውስጥ፣ እግሬን ታጥቤ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው በሰፈሩ የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ሲገዙ ባለቤታቸው አንድ ሕግ አወጡ፤ በራፉ ላይ በተቀመጠው ሳፋ እግሩን ያልታጠበ ልጅ ሳሎን አይገባም። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በሰልፍ ታጥበን እንገባና ወለሉ ላይ ኩርምት ብለን እንጠብቃለን። ዳንቴሉ ይነሳል፣ የሣጥኑ በር በቁልፍ ይከፈታል፣ ጥግ ላይ ካለው ከሰል የበቆሎ ጭስ ይነሳል፤ ከዚያ የተከታታይ ፊልሙ የጠፈር መርከብ ከክዋክብት መሀል ብቅ ስትል ትንፋሻችን ቀጥ ይል ነበር።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛ የሚችሉት ደግሞ ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ ነበሩ። የክር ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ስለነበሩ ከውጭ በመጣ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሁሉ ያነቡ ነበር፤ ካርቶን ያነበበ ሰው ጠፈር እንዴት ያቅተዋል? የመርከቧን አዛዥ ሻለቃው ይሉታል። ሞተር የሚጠግነውን ቀጭን ሰው ደስታ ብለው ስም አወጡለት። በየሳምንቱ እየመጣ መንገድ የሚዘጋውን ቀንዳም ፍጡር የሻለቃው አማች ነው አሉን፤ እኛም እንደ አማችነቱ አከበርነው። ሁለቱ መርከቦች ተፋጠው መሀላቸው ብርሃን ሲበርቅ «አሁን ሽማግሌ ተላከ» ይሉናል።

«ብርሃኑስ ምንድነው ጋሼ?»

«ጨለማ አይደል እንዴ? ሽማግሌዎቹ በምን ይሂዱ?»

እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

አንድ ቅዳሜ ደስታ በረዶ በዋጠው ፕላኔት ላይ ብቻውን ቀረ። መርከቧ ርቃለች፣ ሻለቃው በመስኮት ወደ ኋላ ያያል። ልክ በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንድ ላይ «ኧረ!» አለ። ጋሽ ወንድይፍራው ግን ፋኖሱን ለኮሱ፣ ፍሙን ቆሰቆሱ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ታሪኩን ከቆመበት ቀጠሉ። ሻለቃው መርከቧን አዞረ አሉ። አማቹ ራሱ መንገድ ለቀቀለት። ደስታን ሲያገኙት ጺሙ በረዶ ሆኗል፤ ሻለቃው የራሱን ጋቢ አውልቆ አለበሰው። «ሰው ጥሎ የሚሄድ ሾፌር ደግሞ ምን ሾፌር ነው?» አሉ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሙላቱ ግን ያኔም አስቸጋሪ ነበር። «ጋሼ፣ ቅድም ለመመለሻ የሚሆን ነዳጅ አልቋል ብለው አልነበር?»

«በቆሎህን ብላ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ስለ ንብ እርባታ የሚያስረዳ ዝግጅት ቀረበ። መርከቧን ዳግመኛ አላየናትም።

ከዚያ ወዲህ እኔና ሙላቱ በትምህርት ቤት፣ በሠርግ፣ አንዴም በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለዚያ ነዳጅ ተከራክረናል። እኔ ተመልሳለች እላለሁ፤ እሱ በምኗ ይላል። ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ማደያ ስለሚያስተዳድር፣ ስለ ነዳጅ መኖርና አለመኖር ሲናገር ሰው ቆሞ ያዳምጠዋል። ይኸው ሰው ነው አምና ተከታታይ ፊልሙን በሙሉ በፍላሽ ይዞ የመጣው። በደስታ ሰከርን። ሽበታም ሰዎች በስልክ ስንጯጯህ ልጆቻችን ደነገጡ። ወዲያው ማኅበር አቋቋምን፤ ወር በገባ በየተራ ቤታችን እየተሰበሰብን ልናይ። እኔ ሊቀመንበር ሆንኩ። በችሎታዬ ነው፤ ሌላ የፈለገ ሰውም አልነበረም። መርከቧ ካልተመለሰች ከሥልጣኔ እወርዳለሁ ብዬ በአባላቱ ፊት ማልኩ።

ሰማንያን ያለፉት ጋሽ ወንድይፍራው የክብር እንግዳችን ሆኑ። ችግሩ እኛ በዚህ መሀል እንግሊዝኛ መልመዳችን ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ቀንዳሙ ፍጡር አማች እንዳልሆነ፣ ሽማግሌም ተልኮ እንደማያውቅ ተረዳን። ጋሼ ግን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ድሮው ይተረጉማሉ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ የሆነችው ጽጌ፣ እሷም የሳፋው ተመራቂ ናት፣ ወጥ ቤት ጠርታን ሕግ አረቀቀች፤ ጋሼ ባሉበት በትክክል የተረጎመ ሰው የማኅበሩን ብርጭቆ ሁሉ ያጥባል። ሙላቱ በየወሩ አጠበ።

የመጨረሻዋ ክፍል ስትቃረብ ጨነቀን።

«ሊቀመንበርነቴ ሊሄድ ነው» አልኳት ጽጌን።

«ይሂዳ! እሳቸው ናቸው እንጂ የሚያሳዝኑኝ። ካልተመለሰችስ?»

እንዝለላት እንዳንል ጋሼ በየስብሰባው «ያቺ መብራት የጠፋባት ክፍል መቼ ናት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። «እኔም እኮ እንደናንተው ነኝ። ደስታ ሲገባ በዓይኔ አላየሁም።»

ተራው ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ያለው የጽጌ ቤት ነበር። ሊፍቱ ስለማይሠራ ጋሼን እኔና ሙላቱ ደግፈን አወጣናቸው። ተከፈተ። በረዶው ነጭ፣ የደስታ ልብስ ለካ ቀይ ኖሯል። ሻለቃው በመስኮት ወደ ኋላ አየ። መብራት አልጠፋም። ሁላችንም ወደ ፊት ተሳብን። ከዚያ ስክሪኑ ላይ «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ወጣ፣ ሙዚቃው መጣ፣ አለቀ።

ሙላቱ ፍላሹን አገላበጠ፤ ምንም የለም። ስልኩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አነበበ። «እዚህ ላይ ነው ያቆሙት» አለ። «ቀጣዩ አልተሠራም። ጭራሽ።»

«ምነው?» አሉ ጋሼ። «እነሱም ጋ መብራት ይጠፋል?»

የጨለመውን ስክሪን እያዩ ትርጉሙን ራሳቸው ቀጠሉት። ድምፃቸው ቀጥኗል። ሻለቃው መርከቧን አዞረ አሉ። አማቹ መንገድ ለቀቀ። ከዚያ ድንገት አቋረጡ፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ግን እኮ… ነዳጁ። ነዳጁ አልቆ አልነበር እንዴ?»

ጽጌ አየችኝ። እኔ ሊቀመንበሩ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ወደተከራከርኩት ሙላቱ ዞርኩ።

«ነበራት ጋሼ» አለ ሙላቱ። «መጠባበቂያ ነበራት። እኔ ማደያ የምሠራ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለች መርከብ ያለ መጠባበቂያ አትወጣም።»

«ይኸው!» አሉ ጋሼ፣ ደስታም ጋቢውን ለበሰ።

የዓለም ሕዝብ የሚያውቀው ደስታ በረዶው ላይ እንደቀረ ነው። ወደ ቤቱ መግባቱን የምናውቅ እግራችንን ታጥበን የሰማን ብቻ ነን፤ ያኔ ከፍሙ አጠገብ የሰማሁት እስከ ዛሬ ያልተሻረው ለዚህ ይመስለኛል። ሊቀመንበርነቴም አልተነካም። በዚያው ምሽት በሥልጣኔ አንድ ውሳኔ ሰጠሁ፤ ሙላቱ ጋሼ ባሉበት በትክክል ተርጉሟል አልኩ። እሱም አልተከራከረም፤ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ብርጭቆዎቹ ሄደ።