በማድ ቤቱ በር የቆመው ግንበኛ

የሚስዮን ማኅበራችን አንድ ደግ ልማድ አለው። በየቀኑ ምሳ ላይ፣ ሾርባው ከመቀዳቱ በፊት፣ ባለፉት ዓመታት በዚያ ዕለት ያረፉ አባሎቹ ከሙታን መዝገብ ይነበባሉ፤ ስማቸው፣ ያገለገሉበት፣ የተቀበሩበት፣ በአንድ መስመር። በወጣትነቴ አንባቢው እኔ ነበርኩ። የባዕድ ስሞችን ምላሴ ሳይያዝ ስለማነብ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር።

የማኅበሩ ግንበኛ ምሳውን የሚበላው በሩ ወደ ምግብ አዳራሹ በሚከፈተው ማድ ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ የሰባት ካህናትን መቃብር የሠራው እሱ ነበር። ስም ስጠራ ቆቡን አውልቆ፣ "ይሄኛውን እኔ ነኝ ያስተኛሁት፤ ቁመቱ አስቸግሮኝ ጉድጓዱን ሁለቴ ቆፈርኩለት" እያለ ምግብ አብሳይዋን ያስቃታል።

የደወሉ ማማ ሲሠራ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁ ከመወጣጫው ወድቆ ሞተ። ከወር በኋላ ግንበኛው እጁን ታጥቦ ወደ እኔ መጣ።

"አንተ ሊቁ፣ ልጄን በሞተበት ቀን አንብብልኝ። አንዲት መስመር ናት።"

"ጋሼ፣ መዝገቡ ለማኅበሩ አባላት ብቻ ነው። ሕጉ አይፈቅድም።"

"ሕጉን እንደ ግድግዳ በቱምቢ ለክተኸዋል?"

"ለክቻለሁ" አልኩት።

አልለካሁም። እንዲህ ያለ ሕግ አንብቤ አላውቅም፤ የቤቱን አለቃም አልጠየቅኩም። ሰው በማያውቀው ሕግ ጀርባ የሚሸሸገው ሥልጣኑ ትንሽ ስትሆን ነው። ይህን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ፍልስፍና አይደለም።

በየዓመቱ ልጁ በሞተበት ቀን ግንበኛው ካፖርቱን ለብሶ በማድ ቤቱ በር ይቆማል። አየዋለሁ። የሌሎቹን አነብና መዝገቡን እዘጋለሁ። "ዛሬም ተራችን አልደረሰም" ብሎ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ቆመ።

አምና የማኅበሩን ታሪክ እንድጽፍ ተጠየቅኩ። ያኔ አለቃ የነበሩትን አባ ላነጋግር ሄድኩ፤ ዛሬ ዓይናቸው ጠፍቷል። ስለ ማማው ሲያወሩ ድንገት፣ "ያን ልጅ መዝገቡ ላይ ሳታስገባው የቀረኸው ለምንድን ነው?" አሉኝ።

"ሕጉ..."

"የምን ሕግ? ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? በል አሁን ሂድና ጻፈው።"

መዝገቡን ከፈትኩ፣ ብዕሬን አነሣሁ። ለካ ስሙን አላውቀውም። "የግንበኛው ልጅ" ነበር የምንለው። በጥምቀት መዝገባችን እንዳልፈልገው፣ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ።

የልጁ እህት ዘንድ ሄድኩ። ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። የመጣሁበትን ስነግራት ከትሪው ቀና አላለችም።

"አባዬ በዚያ ቀን ሲመለስ እናቴ 'አነበበልህ?' ትለዋለች" አለች። "እሱም 'ማንበቡ ቀርቶ፣ ማን ይባላል እንኳ አላለኝም' ይላት ነበር።"

"እባክሽ እህቴ፣ ንገሪኝ።"

"እርስዎ ቢያነቡትስ አሁን ማን በር ላይ ቆሞ ሊሰማ ነው?" ጠጠር ለቅማ ጣለች። "ለመጽሐፍዎ ከሆነ፣ ያለ ስሙም ያልቃል።"

ቁጭ ይበሉ አላለችኝም። እኔም አልሄድኩም፤ ደጃፏ ላይ እንደቆምኩ ምስሩ ተለቅሞ አለቀ።