እሪ ሲባል ልጆቹ በየት ይውጡ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሌላ ሰው ልጆች ይዤ መዋል ከጀመርኩ ዓመታት አለፉ። «ሕፃናት ማቆያ» የሚሉት ወላጆቹ ናቸው፤ እኔ ቤቴ ነው የምለው። ጠዋት አስተማሪውም የመንግሥት ሠራተኛውም ልጁን ሰጥቶኝ ይሄዳል፣ ወደ ማታ መጥቶ ይወስዳል። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ በዕድሜ ከእኔ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንጣላለን፣ ልጆቹ ምሳ ሳይበሉ ደግሞ ታርቀን እንገኛለን።

አንድ ቀን ከሌላ አገር ለሥራ የመጣች ነርስ ገና መራመድ ያልጀመረች ልጇን ልትሰጠኝ መጣች። ስለ ምግቡ ጠየቀችኝ፣ ስለ እንቅልፉ ጠየቀችኝ፤ ደስ እያለኝ መለስኩላት። ከዚያ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየችና፣ «እሳት ቢነሳ በየት በኩል ያወጧቸዋል?» አለችኝ።

ተቆጣሁ። አፌ ባይናገርም ፊቴ ሳይናገር አልቀረም። ቤቴ ድረስ መጥታ ክፉ ነገር የጠራችብኝ ነው የመሰለኝ። ከሄደች በኋላ ግን እኔም ቀና አልኩ። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። ግድግዳው የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ። መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው፤ ሌባ አይገባም እያልኩ ስኮራባቸው የኖርኩት እነዚያው ፍርግርጎች ናቸው። በሩ አንድ ነው። ከበሩ ወደ ግቢው መውጫ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በግድግዳውና በውኃው ታንከር መካከል ያልፋል። እኔና ባልደረባዬ እዚያ ላይ ስንገናኝ አንዳችን ሆዳችንን ሰብሰብ ማድረግ ግድ ይለናል። ለነርሷ ጥቂት ቀን ጠብቂኝ አልኳት። ማውጣት የማልችለውን ልጅ እንዴት ብዬ ልቀበል? የያዝኳቸውንስ ቢሆን ምን ብዬ ይዤ ልቆይ? ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

እንለማመድ አልኩ። ረጅም ገመድ አመጣሁና ቋጠሮ ቋጠሮ አበጀሁበት፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቋጠሮ ይዞ ተከታትሎ እንዲወጣ። ጨዋታ ነው አልኳቸው። ባልደረባዬ የድስት ክዳን እየመታች «እሳት!» እንድትል ተስማማን። እሷ ግን አንዴ ከጀመረች የምትቆም ሴት አይደለችም። ክዳኑን ጥላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የእውነቱን እሪታ ለቀቀችው።

በእኛ ሰፈር እሪ ከተባለ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ይሮጣል። ልጆቹ ገመዳቸውን ይዘው ታንከሩ ጋ ሲደርሱ ጎረቤቱ በሙሉ ከውጭ እየጎረፈ ገባባቸው። ከፊት የመጡት ከጓሮዬ በስተጀርባ የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው፣ መጥረቢያ ይዘው። ከኋላቸው ጀሪካን የተሸከመ፣ አካፋ የያዘ፣ እጇ ላይ ሊጥ የቀረባት ሴት ሳትቀር። ያ ጠባብ መተላለፊያ እንደ ጠርሙስ ተወተፈ። ሰዎቹ ወደ ውስጥ ይገፋሉ፣ ልጆቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ወደየትም የሚንቀሳቀስ የለም። ልጆቹ አለቀሱ። እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁት። እሳቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ልጆቹን ደጅ ላይ አፍኖ የሚያስቀርብኝ የጎረቤቶቼ ደግነት ነበር።

ውሸት መሆኑን ሲያውቁ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቀየመ። እኔ ግን በማግስቱ ቤት ለቤት ዞርኩ። እሪ ስትሰሙ አትግቡ፣ ልጆቹ እስኪወጡ ከውጭ ቁሙልኝ ብዬ ለመንኩ። እሺ አሉኝ። እሪታው ሲመጣ እሺ ማለታቸውን እንደሚረሱት ግን ከዓይናቸው አየሁ። እምቢ ያሉኝ ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

ልመናዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ አገራቸው ጮቄ ተራራ ሥር መሆኑን ነገሩኝ። አባታቸው አንድ ቀን እሪታ ሰምተው አልሄዱም፤ የጎረቤቱ ቤት ከነእህሉ ነደደ። ከዚያ በኋላ አባትየው እስኪሞቱ ድረስ ሰው በሙሉ ልቡ ሰላም አላላቸውም። እሳቸውም ያደጉት «የዚያ የቀረው ሰውዬ ልጅ» እየተባሉ ነው። ምን አስቀራቸው ብዬ ጠየቅኩ።

«ምክንያትማ ነበረው» አሉ። «ግን ማን ይሰማዋል? እኔስ ብሆን መቼ ሰማሁት? እናም ልጄ፣ እሪ ሰምተህ ከደጅ ቁም አትበይኝ።»

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ ልጆቹን እያየሁ አሰብኩ። ሰፈሩን ከመምጣት ላስቀረው አልችልም፤ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲቀርም አልፈልግም። ታዲያ እነሱ በፊት በኩል ከገቡ ልጆቹ በኋላ በኩል ይውጡ። የጓዳው መስኮት ተቆርጦ በር ቢሆን ወደ ጓሮ ያወጣል። ከጓሮው ወዲያ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የሽማግሌው ጌሾ አለ።

ተመልሼ ሄድኩባቸው። አጥሩ ይከፈትልኝ አልኩ። ልጆቹ ሰው የሌለበት ጓሮ ውስጥ ቢወጡ እንደሚበታተኑ፣ ደንግጠው ወደ እኔ ወደ እሳቱ ሊመለሱም እንደሚችሉ አስረዳሁ። ሁልጊዜ ከቤት የማይጠፋ፣ ወዲያ ማዶ ቆሞ የሚቀበላቸው ሰው ያስፈልጋል። ከእሳቸው በቀር እንዲህ ያለ ሰው የለም።

«ታዲያ እሪ ሲባል እኔ ጓሮዬ ልቁም?»

«ልጆቹን እንዲቀበሉልኝ ነው፣ አባባ።»

ፊታቸውን አዙረው ወደ ጌሾአቸው ገቡ። ተቀይመውኛል ብዬ ከፍቶኝ ተመለስኩ። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ቁርስ ሳበላ ከጓሮ በኩል የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ አጥሩን ራሳቸው እየቆረጡት ነው። ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም።

የነርሷን ልጅ ያን ሳምንት ተቀበልኩ። ልምምዱንም ያለ እሪታ አደረግነው፤ በቃጭል። ቃጭሉ ሲመታ ልጆቹ ገመዳቸውን ይይዛሉ፣ በጓዳው አዲስ በር ወጥተው ወደ ጌሾው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ትንሿ የነርሷ ልጅ ሽማግሌውን ስታይ ታለቅስ ነበር። ቀስ በቀስ ጢማቸውን መጎተት ለመደች፤ እሳቸውም እንደማይወዱ እየሆኑ ጎንበስ ይሉላታል።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ውሎ ከሰዓት በኋላ በኃይል መጣ። ፊተኛው ክፍል ያለው ዲቫይደር፣ የሶኬቱ ማከፋፈያ፣ ተንጣጣና መጋረጃው ተያያዘ፤ እሳቱም መጋረጃውን ይዞ ወደ ኮርኒሱ ወጣ። ባልደረባዬ ጮኸች። ይህኛው ጩኸት ያኛውን አይመስልም። እኔ ቃጭሉን አንስቼ መታሁ። ልጆቹ፣ እኔ ልውደቅላቸውና፣ ገመዱን ያዙ። ባልደረባዬ ከፊት እየመራቻቸው ጓዳውን አልፈው፣ በሩን አልፈው በጭቃው ወጡ። ትንሿን ታቅፌ ከኋላቸው ነበርኩ።

ሽማግሌው በአጥሩ ቀዳዳ ላይ ቆመዋል። ልጆቹን አንድ በአንድ እጃቸውን እየያዙ ያሳልፋሉ። ዓይናቸው ግን በእኔ ራስ ላይ አልፎ ጢሱን ያያል። ከፊት በኩል የጎረቤቱ ሩጫ፣ የመጥረቢያው ድምፅ፣ «ውኃ! ውኃ!» የሚለው ጩኸት ይሰማል። እሳቸው ግን አንዲት እርምጃ አልተራመዱም። ትንሿን ሰጠኋቸውና ሌላ የቀረ ልጅ እንዳለ ለማየት ተመለስኩ። አልነበረም።

ጎረቤቶቼ ኮርኒሱን ቀድደው ጣሉት፤ እሳቱ ወደ ጓዳው ሳይደርስ ጠፋ። ሰው አልተጎዳም። ፊተኛው ክፍል ጠቁሯል። ሁሉም ግቢው ውስጥ በውኃ ርሰው፣ በጥላሸት ተለቅልቀው ቆሙ፤ ከድንጋጤ በኋላ የሚመጣው ሳቅና ወሬ ጀመረ። እኔም አብሬ እየሳቅኩ እያለቀስኩ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ ክፋት የሌለው ቀልደኛ ጎልማሳ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ሰው ሁሉ ሲመጣ የቀሩት አባባ ብቻ ናቸው። ዛሬ የት ዋሉ?»

አንዳንዱ ሳቀ። ዞር ስል ሽማግሌው በጓዳው አልፈው መጥተው ፊተኛው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ልጆቹ ደህና ናቸው ሊሉኝ መምጣታቸው ነው። ትንሿ በጋቢያቸው ውስጥ ናት። ሰምተዋል። ያን የመሰለ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁባቸውም። ልጆቹን ሁሉ በእጃቸው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ከጓሮ ባይቆሙ ኖሮ ዛሬ ይህ ሳቅ የለም አልኩ። ያ ጎልማሳ ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው የሰሙትም አይመስሉም። ጓሮ ተመልሰው ከቆረጡት አጥር ግንድ ላይ ተቀመጡ፤ ተከተልኳቸው።

«እናቴ ገበያ ወርዳ ነበር» አሉኝ፣ ትንሿን እያዩ። «እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። ቤት ውስጥ ከአባቴ ሌላ ሰው የለም። እሪ ሲባል አባቴ እኔን ታቅፎ ነበር።»

ትንሿ እንቅልፍ ወስዷታል። ልቀበላቸው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ትቆይ» አሉኝ። «እናቷ እስክትመጣ እኔ እይዛታለሁ።»