ከዕጢዬ ጫፍ የተቆረጠው ናሙና

ካንሰሩ የወጣብኝ እንቁላል ማምረቻዬ ላይ ነው። ሥራ ካቆመች ስንት ዓመቷ፤ ጡረታ የወጣች መስሎኝ ረስቻት ነበር። ጎንደር ወጥቼ ከነዕጢዋ አስቆርጬ ጣልኋት። እኔ ግልግል አልሁ፣ እሷ ግን ለካ ዘሯን ሆዴ ውስጥ በትና ኖሯል የሄደችው።

ሐኪሙ የልጄ እኩያ ነው። ነገሩን በትዕግሥት አስረዳኝ። አንዳንዱ ዕጢ የሴት ሆርሞን እየበላ ያድጋል። ሆርሞኑን የሚቀበለው ዘረ መል ዕጢው ውስጥ የሚሠራ ከሆነ፣ ሆርሞን የሚያግድ ኪኒን ይሰጠኛል። ካልሠራ ኪኒኑ ከንቱ ነው። በደም ሥር የሚገባውን መድኃኒት ሰውነቴ አልቻለውም፤ የቀረኝ ይኸው ኪኒን ብቻ ነበር።

የምርመራው ውጤት መጣ። «አይሠራም፣ እማማ» አለኝ፣ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ።

«ከየት በኩል ቆርጣችሁ ነው ያያችሁት?»

«ከጫፉ።»

ደሜ ፈላ። መተማ ዮሐንስ ላይ ሠላሳ ዓመት ሰሊጥ ስገዛ የኖርሁ ሴት ነኝ። እኛ ሰሊጡን ለማየት ጆንያ የምንወጋው ሦስት ቦታ ነው፤ አፉን፣ ሆዱን፣ ቂጡን። ከአፉ ብቻ ዘግኖ ያየ ሰው ከአብርሃ ጅራ ገበያ በሰሊጥ ፈንታ አፈር ጭኖ ይመጣል፤ የገበያው መሳቂያም ይሆናል።

«አንተ ልጅ» አልሁት፣ «ይኸን ሁሉ ዓመት ተምረህ ከጆንያ አፍ ትገዛለህ? ሆዱንም ቂጡንም ውጋልኝ እንጂ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና መዝገቤን መልሶ ገለጠ። ከዕጢው መሃል የተወሰደ፣ በሰም ተይዞ የተቀመጠ ሌላ ቁራጭ ነበረ፤ እሱንም አስመረመረልኝ።

ውጤቱን ቤቴ ገብቼ ጠበቅሁ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሀጂ «እንዴት ሆነልሽ?» ሲሉኝ፣ «ቂጡን እየወጉት ነው» እላቸዋለሁ። ወዲያው ወደ ሱዳን የሚያልፈውን መኪና ማየት ይጀምራሉ።

ሐኪሙ ዘንድ ስመለስ ውጤቱ ድብልቅ ሆነ። ጫፉ ላይ የማይሠራው ዘረ መል መሃሉ ላይ ይሠራል። «ግማሹ ለኪኒኑ ይታዘዝ ይሆናል» አለኝ ሐኪሙ። «ማዳን ግን አያድንዎትም። ጊዜ ቢሰጥዎት ነው።»

«ግማሹ ከታዘዘ ምን አነሰኝ? ባሌም ከዚያ በላይ ታዝዞኝ አያውቅም» አልሁት።

እየሳቅሁ ወጣሁ። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። መሞት ፈርቼ ነበር፤ በጣም ነበር የፈራሁት። መድኃኒት የምትሰጠዋ ልጅ «ቤትዎ ሲደርሱ፣ ከምግብ በኋላ ይውሰዱት» እያለችኝ፣ ማሸጊያውን በጥርሴ ቀድጄ እዚያው እንደ ቆምሁ ያለ ውኃ ዋጥሁት።